በግምጃ ቤት ውስጥ ግምጃ ቤት ዛሬም ይጠቅማልን?

(ለአስተማሪዎች ጉባኤ የተነገረ)




የንግግሬን ርእስ ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ስለ ትምህርት ቤት ንብረት አያያዝ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ትምህርት እንደማስተምር ስለምታውቁ፥ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚገባ ነገር ይዤ እንደ መጣሁ ጠርጥራችሁ ይሆናል። ሁለቱም ግምት ከፊል እውነት አለበት። የምናገረው አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕቃ ከየት እንደሚያገኝ ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት ግን ነገሩ በሚገባ ባለመደራጀቱ የአንዲት ልጅ ትምህርት ሊቋረጥ ሲል በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ልጀምር። በትምህርት ቤታችን አንድ አስተማሪ ጠመኔ ሲያልቅበት ገበያ ወርዶ አይገዛም። ሞዴል 20 ሞልቶ ይጠይቃል፤ ንብረት ክፍሉም በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ ይሰጠዋል። አስተማሪው ጠመኔው ከየትኛው ነጋዴ እንደ ተገዛ፥ በስንት ብር እንደ መጣ ሊያውቅ አይገደድም፤ የእርሱ ሥራ ማስተማር ነው። ነገ ጥቁሩ ሰሌዳ ቀርቶ ነጭ ሰሌዳ ቢመጣ፥ በጠመኔም ፈንታ የቀለም ብዕር ቢታደል፥ የሚጠይቅበት መንገድ ያው ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንደዚሁ እርስ በርሳቸው በሚረዳዱ ብዙ ክፍሎች የተሠራ ነው። የትምህርት ቤት የውጤት ፕሮግራም ብንወስድ፥ ነጥብ የሚመዘግብ ክፍል አለው፤ አማካይ የሚያወጣ ክፍል አለው፤ የምስክር ወረቀት የሚያትምም ክፍል አለው። አታሚው ክፍል መዝገቡን ራሱ ከፍቶ፥ የማለፊያውን ደንብ ራሱ ጽፎ የሚሠራ ከሆነ፥ መዝገቡ የሚቀመጥበት ቦታ በተለወጠ ቁጥር አታሚውም መፍረስ አለበት። ለመፈተንም አይመችም፤ እውነተኛውን መዝገብ ሳይነካ አታሚውን ብቻ መሞከር አይቻልምና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገውን ነገር ከውጭ ማቀበል የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ማርቲን ፋውለር የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ይህን አሠራር ዲፔንደንሲ ኢንጄክሽን ብሎ ጠራው፤ ስሙም በዓለም ሁሉ ጸና። ክፍሎቹን እያበጀ፥ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን እያቀበለ የሚያስተዳድረው መሣሪያ ኮንቴይነር ይባላል። እኔ ዛሬ ግምጃ ቤት እለዋለሁ።

ግምጃ ቤቱ ዕቃ ከማደል በቀር ሌላ ከባድ ኃላፊነት አለበት። ዕቃው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚኖር የሚወስነው እርሱ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ አንድ ብቻ ሆኖ ይኖራል፤ እርሱን ነዋሪ እንበለው። ሌላው በተጠየቀ ቁጥር አዲስ ሆኖ ይሠራል፤ እርሱን አላፊ እንበለው። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ ሥራ ሲጀመር የሚወለድ፥ ሥራው ሲያበቃ የሚሰናበት ዕቃ አለ። አንድ አስተማሪ የክፍሉን መዝገብ ከፍቶ ነጥብ ሞልቶ እስኪዘጋ ድረስ የሚያገለግለው ከዚህ ዓይነት ነው፤ የወቅት ዕቃ እንበለው። በግምጃ ቤት ውስጥ ሌላ ግምጃ ቤት ያስፈለገው ለዚህ ለሦስተኛው ዓይነት ነው።

ይህን ለመረዳት በምሥራቅ ሱዳን ካለው ከገዳሪፍ እርሻ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መተማንና ገላባትን አልፎ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዓይን እስኪታክት ድረስ የተዘረጋውን ጥቁር አፈር ያያል። በዚያ አገር በትራክተር ማረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰሊጥና ማሽላ የአገሩ ሀብት ሆነዋል። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ከዛላው እየፈነዳ መሬት ይበላዋል። ስለዚህ በአጨዳ ወራት ከእኛም አገር ብዙ ሰው ድንበር እየተሻገረ ለሥራ ይሄዳል።

ባለ እርሻው ዋና መጋዘኑ ያለው በከተማ ነው። ሠራተኞቹ ግን ከከተማ ርቀው በእርሻው መካከል ስለሚሰፍሩ፥ በዚያ ለወቅቱ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ግምጃ ቤት ይቋቋማል። የማሽላ አገዳ ዳስ ይጣላል፤ የውሃ በርሜል፥ ዱቄት፥ ድስትና ማጭድ ይቀመጣል። ሰፈሩ የሌለውን ነገር ሲፈልግ ወደ ከተማው ይልካል። ትራክተሩ ለምሳሌ የሁሉም ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰፈር ትራክተር አይገዛም። በርሜሉ ግን የዚያ ሰፈር ብቻ ነው። አጨዳው ሲያበቃ ሒሳብ ይዘጋል፤ በርሜሉ ይመለሳል፤ ዳሱ ይፈርሳል። በሚመጣው ዓመት በዚያው ስፍራ ሌላ ሰፈር ቢቆም አዲስ ነው፤ የአምናው ሰው ዕዳ በእርሱ ላይ አይቈጠርም።

የውስጥ ግምጃ ቤትም ሥራው እንዲሁ ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ የሌለውን ከዋናው ይጠይቃል። ሁለተኛ፥ የወቅቱን ዕቃ ለዚያ ሥራ አንድ ብቻ አድርጎ ይጠብቃል። ሦስተኛ፥ ሥራው ሲያበቃ በእጁ ያለውን ሁሉ ይዘጋል። ይህ ሦስተኛው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከመረጃ ቋት ጋር የተከፈተ መስመር ሳይዘጋ ከቀረ፥ በደረቅ አገር ቧንቧ ከፍቶ እንደ መሄድ ነው። አንዱ ቢረሳ አይታወቅም፤ ብዙ ሲሆኑ ግን ኋላ የመጣው ይጠማል።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በጃቫ ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች በሚጠቀሙበት ስፕሪንግ በተባለው መሣሪያ ለድረ ገጽ የሚሠራ ፕሮግራም አንድ የሥር ግምጃ ቤትና ከበታቹ ሌላ ልጅ ግምጃ ቤት እንዲኖረው ማድረግ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ስፕሪንግ ቡት የተባለው ቀለል ያለ አሠራር ከወጣ በኋላ ግን አብዛኛው ሰው በአንድ ግምጃ ቤት ብቻ መሥራት ጀመረ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮርን ሲያወጣ ከውስጡ የራሱን ግምጃ ቤት አኖረበት። በእርሱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚከፈትና የሚዘጋ የወቅት ክፍል አለ፤ የራሱን ልዩ ደንብ የሚያወጣ ልጅ ግምጃ ቤት ግን የለም። ይህን ያዩ ሰዎች፥ «እንግዲህ የውስጥ ግምጃ ቤት ጊዜው አልፎበታል፤ ለምን እንደክማለን?» ማለት ጀምረዋል። ለጥያቄው መልስ ከመስጠቴ በፊት የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ።

በ2014 ዓ.ም. በገዳሪፍ ከተማ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት አንድ ቤት አስተምር ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አልነበረምና። የውጤት አሠራሩ በእጅ ስለ ነበረና አስተማሪዎቹ በሰኔ ወር እየተቸገሩ ስላየሁ፥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁላቸው። እያንዳንዱ አስተማሪ ሥራ ሲጀምር የውስጥ ግምጃ ቤት ይከፈትለታል፤ በዚያም ውስጥ የክፍሉ መዝገብ ይቀመጣል። መዝገቡ መጀመሪያ የተጠየቀውን ክፍል ከፍቶ፥ ሥራው እስኪያበቃ ድረስ ያንኑ ይዞ ይቆያል። የምስክር ወረቀት አታሚውን ግን፥ ለሁሉም አንድ ይበቃል ብዬ፥ በዋናው ግምጃ ቤት ነዋሪ አደረግሁት።

ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነበር። ነዋሪው አታሚ ለሥራው መዝገብ ስለሚያስፈልገው፥ ሲወለድ አንድ መዝገብ ተቀብሎ በእጁ አስቀረ። የመጀመሪያው አስተማሪ መጥቶ የስድስተኛ ክፍልን ወረቀት ሲያሳትም ያ መዝገብ የስድስተኛ ክፍልን ነጥብ ከፈተ፤ ከዚያ በኋላም አልተዘጋም። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪ ሲመጣ የልጆቹ ስም ከእርሱ ጥያቄ መጣ፤ ነጥባቸው ግን በተራ ቁጥር የተፈለገው ከስድስተኛ ክፍል መዝገብ ነበር። በሰባተኛ ክፍል ተራ ቁጥር 14 የሆነችው ልጅ በስድስተኛ ክፍል ተራ ቁጥር 14 የሆነውን ልጅ ነጥብ ተቀበለች። እኔ ፕሮግራሙን የሞከርሁት ብቻዬን፥ አንድ ክፍል ብቻ ከፍቼ ስለ ነበረ፥ ሁሉም ደኅና መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ የልጅቱ አባት ወደ እኔ መጡ። የቀን ሥራ የሚሠሩ፥ ከጎንደር አካባቢ የመጡ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘውት ነበር። «መምህር፥» አሉኝ፥ «ልጅቱ ወድቃለች አሉኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ወረቀት አይዋሽም። ከእንግዲህ እናቷን በቡናው ታግዛት ብዬ ወስኛለሁ፤ እርስዎ ግን ደክመውላታልና ሳልነግርዎ አልቀር ብዬ ነው።» ልጅቱን አውቃታለሁ፤ በክፍሏ ከሚበልጡት አንዷ ነበረች። ወረቀቱን ተቀብዬ ስመለከት ነጥቡ የእርሷ እንዳልሆነ ገባኝ። «አባቴ፥ ወረቀቱ ዋሽቷል፤ ያስዋሸሁትም እኔ ነኝ» አልኋቸው። በዚያ ቀን ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስበን ከእጅ መዝገቡ ጋር አመሳከርን። የልጅቱ ተስተካከለ። የአንድ ወንድ ልጅ ቤተ ሰብ ግን በዚያው ዕለት ጠዋት ወደ ሌላ አገር ተጉዞ ነበር፤ ትክክለኛው ወረቀት እስኪደርሰው ድረስ ብዙ ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ሳምንታት ልጁ ስለ ራሱ ምን ሲያስብ እንደ ሰነበተ አሁንም አስባለሁ።

ወረቀት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ብዙ ሰው ወደ ገዳሪፍ ሸሸ፤ ብዙ ኢትዮጵያዊም ከሌላው አገር ሰው ጋር በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ። ቤቱንና ዕቃውን ጥሎ የመጣ ሰው የልጁን የምስክር ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ከልብሱ ሥር ይዞ ይመጣ ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት ልጁን በስንተኛ ክፍል እንደሚቀበለው የሚወስነው በዚያች ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። ይህን ታሪክ ለባልደረቦቼ በነገርኋቸው ጊዜ አንድ አንጋፋ አስተማሪ፥ «ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ግምጃ ቤት፥ አንድ ቁልፍ ይሁን፤ የውስጡን አፍርሰው» ብለው መከሩኝ። ምክራቸውን አከብራለሁ፤ በንብረት ክፍልም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን የውስጡን ግምጃ ቤት ባፈርሰው ኖሮ ሁሉም አስተማሪ በአንድ ክፍት መዝገብ ይሠራ ነበር፤ ስሕተቱም በአታሚው ላይ ብቻ ሳይቀር በሁሉም ክፍል ይዳረስ ነበር። ጥፋቱ የውስጥ ግምጃ ቤት መኖሩ አልነበረም። ነዋሪው የወቅቱን ዕቃ ይዞ ማስቀረቱ ነው። የሰፈሩ በርሜል በከተማው መጋዘን መዝገብ ገብቶ ቢቀር፥ በሚመጣው ዓመት የሚሰፍሩት ሰዎች የአምናውን ውሃ እንደ መጠጣት ነው። ማርክ ሲማን የተባለው ዴንማርካዊ የሙያው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ይህን በሽታ «ምርኮኛ ጥገኛ» በሚል ትርጉም ሰይሞታል፤ ነጻ መውጣት የሚገባው ዕቃ ተማርኮ ይቀራልና። የማይክሮሶፍቱ ግምጃ ቤትም ፕሮግራሙ ገና በሚሠራበት ጊዜ ይህን ስሕተት መርምሮ እንዲከለክል ተደርጓል። እኔ እንዲህ ያለ መርማሪ ቢኖረኝ ኖሮ ስሕተቱ ከወረቀቱ በፊት በተገኘ ነበር።

ይሁን እንጂ የውስጥ ግምጃ ቤት በሁሉም አገልግሎቱ ይጠቅማል ማለቴ አይደለም። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው እስካሁን የነገርኋችሁ፥ ጊዜን የሚወስነው ነው። ሁለተኛው ደንብን የሚለውጠው ነው። በዚህኛው ልጅ ግምጃ ቤት በዋናው የተጻፈውን ትእዛዝ ሽሮ የራሱን ይተካል።

እኔ ይህንንም ሞክሬዋለሁ። በዚያው ቤት አንዳንዶቹ ልጆች በሱዳን ሥርዓተ ትምህርት፥ ሌሎቹ በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ይማሩ ስለ ነበረ፥ የማለፊያው ደንብ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱን ደንብ በዋናው ግምጃ ቤት አኖርሁ፤ ሌላውን በልጅ ግምጃ ቤት ተካሁ። ነገር ግን አማካይ የሚያወጣው ክፍል ነዋሪ ሆኖ በዋናው ግምጃ ቤት የተበጀ ስለ ነበረ፥ የሚያየው የዋናውን ደንብ ብቻ ነበር። በልጁ ግምጃ ቤት የጻፍሁት ደንብ ማንም እንደማያነበው የግድግዳ ማስታወቂያ ተለጥፎ ቀረ። ፕሮግራሙን የሚያነብ ሌላ ሰውም የትኛው ደንብ በየት እንደሚሠራ ለማወቅ ሁለቱንም ግምጃ ቤት መፈተሽ ነበረበት። በመጨረሻ ሁለቱንም ደንቦች በየስማቸው በዋናው ግምጃ ቤት አስቀመጥሁና፥ የልጁ ሥርዓተ ትምህርት ምን እንደ ሆነ ጠይቆ የሚመርጥ አንድ ግልጽ ክፍል ጻፍሁ። አጭር ሆነ፤ ለሚያነበውም ሰው ገባው።

በሙያው የበሰሉ ሰዎችም ወደዚህ ያዘነበሉ ይመስለኛል። ስትራክቸርማፕ የተባለው አሮጌ መሣሪያ ሁለቱንም ዓይነት ለየብቻቸው ይዞ ነበር። በምትኩ የመጣው ላማር የጊዜውን ጠብቆ ደንብ ለዋጩን ትቶታል። በእርግጥ ደንብ ለዋጩ ፈጽሞ አይጠቅምም አይባልም። ለሙከራ እውነተኛውን መዝገብ በሐሰተኛ ለመተካት ይመቻል። ከውጭ መጥቶ የሚጨመር ሌላ ሰው የጻፈው ክፍል ሲኖር ወይም ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ፕሮግራም ሲገለገሉ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚያዝ እንጂ መጀመሪያ የሚታሰብ አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሦስት ጥያቄዎች አስተምራለሁ። ፕሮግራሙ ትንሽ ከሆነ፥ በመጀመሪያ ግምጃ ቤት ያስፈልገዋልን? ብለው ይጠይቁ። ሁለት አስተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ጠመኔ በእጅ ቢቀባበሉ ሞዴል መሙላት አያስፈልግም። ሁለተኛ፥ ይህ ዕቃ መቼ ይሞታል? ብለው ይጠይቁ። ከሥራው ጋር የሚሞት ከሆነ በውስጥ ግምጃ ቤት ይቀመጥ፤ ሥራው ሲያልቅም ይዘጋ። ሦስተኛ፥ ረጅም ዕድሜ ያለው ዕቃ አጭር ዕድሜ ያለውን ይዞ ቀርቷልን? ብለው ይመርምሩ። የውስጡ ከውጭው መበደር ይችላል፤ የውጭው ግን የውስጡን ይዞ ማስቀረት አይገባውም። ፕሮግራሙን ሲሞክሩም ብቻቸውን አይሞክሩ፤ ሁለትና ሦስት ሰዎች ተከታትለው እንዲሠሩበት ያድርጉ።

ክቡራንና ክቡራት፤ እነዚህ ነገሮች የባለሙያ ብቻ ናቸው ብላችሁ እንዳትተዉአቸው እለምናችኋለሁ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የልጆች ስምና ነጥብ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ፕሮግራም ሊሸጥላችሁ ወይም በነጻ ሊሰጣችሁ የሚመጣ ሰው ሲኖር ስለ ውበቱ ብቻ አትጠይቁት። «ሁለት አስተማሪዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩበት የአንዱ መዝገብ ከሌላው እንዳይቀላቀል የሚጠብቀው ምንድን ነው? ሥራው ሲያበቃስ የሚዘጋው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን አጥርቶ መናገር ካልቻለ፥ የእጅ መዝገባችሁን አትጣሉ። እኔን ያዳነኝ የእጅ መዝገቡ ነበር።

ያችን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። አባቷ ግን የተስተካከለውን ወረቀት ሲቀበሉ፥ ማንበብ ባይችሉም፥ ረጅም ጊዜ ትክ ብለው ተመለከቱት፤ ከዚያም ቀስ አድርገው አጠፉትና ከደረታቸው ኪስ ከተቱት። እኛ በግምጃ ቤትና በዕቃ ምሳሌ የምንነጋገርበት ነገር ለእርሳቸው ያ ወረቀት ነው። በእጃችን የሚያልፈው መዝገብ የሰው ልጅ አደራ መሆኑን እያሰብን እንድንሠራ አሳስባለሁ።